አንዲት ቡሎን

ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ የአጥቢያችንን ጄኔሬተር ስናስነሣ ከመዘምራኑ አንዱ፣ "መምህር፣ ጄኔሬተር ራሱ ባመነጨው ኮረንቲ ይጎዳል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ልምምዱ ሊጀመር ስለነበር "አዎ" ብዬው አለፍኩ። ሙሉው መልስ ግን ዕዳ ሆኖብኛልና እዚህ ልክፈለው።

በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ስኳር ፋብሪካ እሠራ ነበር። ስኳር ፋብሪካዎች ጭማቂው የወጣለትን የአገዳ ገለባ እያነደዱ እንፋሎት ያመነጫሉ፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን፣ ተርባይኑ ደግሞ ጄኔሬተሩን ያዞራል። የእኛው ማሽን በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞር ነበር። ያ ሁሉ ብረት የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ይምሰላችሁ እንጂ፣ በእርግጥ የሚንሳፈፈው ከፀጉር በቀጠነ ዘይት ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የማሽኑ የማግኔት መስክ በዙሪያው ሁሉ ፍጹም እኩል አይሆንም። በዚህ ምክንያት በዘንጉ ሁለት ጫፎች መካከል ጥቂት ቮልት ይፈጠራል። ጥቂት ቮልት ሰውን አይነዝርም፤ ስለዚህ ማንም አይፈራውም። ነገር ግን ከዘንጉ ወደ ኩሽኔታው፣ ከኩሽኔታው ወደ መሠረቱ፣ ከመሠረቱ በሌላኛው ኩሽኔታ ተመልሶ ወደ ዘንጉ ያለው መንገድ ወፍራም ብረት ነው፤ ኮረንቲን የሚያግድ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ዘይቱ አንድ ቦታ ላይ ከተሸነፈ በዚያ ቀለበት ብዙ አምፔር ይዞራል፤ እያንዳንዷ ብልጭታም ከኩሽኔታው ለስላሳ ብረት ትንሽ ትንሽ ትቆርሳለች።

ስለዚህ ከተርባይኑ ርቆ ያለው ኩሽኔታ ከመሠረቱ ይነጠላል። ከሥሩ ኮረንቲ የማያሳልፍ ንጣፍ ይደረጋል፣ ቡሎኖቹ ፕላስቲክ መሰል ሽፋንና ሮንዴላ ይለብሳሉ፣ የዘይት ቧንቧው መጋጠሚያ እንኳ እንዲሁ ይደረጋል። በተርባይኑ በኩል ደግሞ ዘንጉን የሚነካ ካርቦን ብሩሽ ከመሬት ጋር ይገናኛል፤ ከእንፋሎቱ የሚመጣው ቻርጅ በእርሱ ይወርዳል። በሁለቱም ጫፍ ከመሬት ማገናኘት የበለጠ ጥንቃቄ ይመስላል አይደል? ቀለበቱን የሚዘጋው ግን እርሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል። የዘይት ቧንቧውን መጋጠሚያ እኔና አንድ የቀን ሠራተኛ እየገጠምን ነበር። የመጨረሻዋ ቡሎን ሽፋን ተሰነጠቀ። ልጁ አሳየኝ። መጋዘኑ ተዘግቷል፣ የሠራተኞች ሰርቪስ ሊሄድ ነው። "ባዶዋን አስገባትና አጥብቃት፣ አንዲት ቡሎን ምንም አታመጣም" አልኩት። አጠበቃት።

ምንም አልሆነም። ማሽኑ ተነሣ፣ ስኳር ተመረተ፣ እኔም ረሳሁት። በጄኔሬተር ዓለም እንዲህ ያለ ዝምታ ብዙ ነው። የሚዞረውን ክፍል፣ ሮተሩን፣ ውሰዱ። ጥቅልሉ ከመሬት ጋር አይገናኝም። አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ማሽኑ እንደ ወትሮው ይሠራል። ሁለተኛ ቦታ ሲነካ ግን የጥቅልሉ ከፊል ይዘለላል፣ የማግኔቱ ጉልበት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ያ ግዙፍ ነገር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ለዚህ ነው ጠባቂው ሪሌይ በመጀመሪያው ንክኪ የሚጮኸው። በማይዞረው ክፍል ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ በብዙ ትልልቅ ማሽኖች ኒውትራሉ ከመሬት ጋር የሚገናኘው ኮረንቲን በሚያፍን ሬዚስታንስ በኩል ነው። ጥቅልሉ ብረቱን ቢነካ የሚፈሰው ከ10 አምፔር ገደማ አያልፍም፤ አለበለዚያ የብረት እምብርቱ ይቀልጥ ነበር። የእኔን ቡሎን የሚመለከት ሪሌይ ግን አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የዚያ ኩሽኔታ ሙቀት ወጣ። ማሽኑ ቆመ፣ ተከፈተ። እንደ መስታወት ማብረቅ የነበረበት ፊቱ አሸዋ የተረጨበት ይመስል ደብዝዞ ነበር። ጋሼ የምንለው ዋና ቴክኒሻን በጣቱ ዳሰሰውና፣ "ይሄ የቆሻሻ ሥራ አይደለም፣ የኮረንቲ ነው" አለ። ከዚያ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አየ፤ ባዶዋን አገኛት።

የሥራ መዝገቡ ላይ የሁለታችንም ስም ነበር። የሁሉም ዐይን ወደ ልጁ ሄደ፤ ዲግሪ ያለው እኔ ነበርኩና። ልጁ አንዴ አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።

ወዳጆቼ፣ ሁለት ሌሊት እንዲሁ አለፈ። ልጁን ሊያሰናብቱት ወረቀት እየተጻፈ እንደሆነ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። "ልጁ ሽፋኑ መሰንጠቁን አሳይቶኛል፤ አስገባት ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

"ለእኔ የነገርከኝን ቢሮ ሂድና ንገራቸው፤ ስትመለስ ሜገሩን ይዘህ ና" አለኝ።

የሁለት ወር ደመወዜ ተቀጣ። ልጁ ሥራው ላይ ቆየ። አዲሱ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ ዘንጉ ገና በጃክ እንደተነሣ ለመለካት ሄድን። ይቅርታ ስጠይቀው፣ "ተወው ኢንጂነር፣ መጀመሪያ እንለካ" አለኝና የሜገሩን እጀታ ያዘ። እርሱ አዞረ፣ እኔ መርፌውን አነበብኩ።