የጾም ነው የፍስክ?

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገልጋዮች ሥልጠና ላሊበላ ሄጄ ነበር። ያረፍነው ጋባዦቻችን በያዙልን ትልቅ ሆቴል ነው። እውነቱን ልናገርና እንዲህ ያለ ቦታ በራሴ ኪስ አልገባም። ምግብ ቤቱ አፋፍ ላይ የተሠራ ነው፤ በመስታወቱ የላስታ ተራሮች ተደራርበው ይታያሉ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ እንደ አበባ የታጠፈ ናፕኪን፣ ዋጋው በብርም በዶላርም የተጻፈ ሜኑ። አንዋር መስጊድ ሰፈር ፉል በቆርቆሮ ሳህን እየበላ ያደገ ሰው እዚያ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከዓለት የተፈለፈሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ አንዳንዶቹ ከበላያቸው በተዘረጋ መጠለያ ሥር ሆነው፣ ቀን ቀን ይቀደስባቸዋል፤ ከተማው በሙሉ ጾም ላይ ነው። ሆቴሉ ግን ለቱሪስቱ ሲል የፍስክም ይሠራል።

ሰዓቱ ሰባት ገደማ ነው። ማተብ ያሰረ ወጣት አስተናጋጅ መጣና በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የጾም ነው የፍስክ?» አለኝ።

እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እኛ እንኳ በጸጋ ነን፤ የበግ ጥብስ አምጣልን» አልኩት። ጓደኞቼ ሳቁ። ልጁም ፈገግ አለ፤ ሥራው ነዋ።

ከእኛ ጋር የተቀመጠው የአካባቢው ወንጌላዊ ግን ሜኑውን አጥፎ፣ «ለእኔ በያይነቱ ይሁንልኝ» አለ። ገረመኝ። እንደ መምህር ቃጥቶኝ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ገና አልተፈታህም እንዴ?» ስል ቀለድኩበት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ፓስተር፣ ከዚህ ወጥቼ የምገባው እኮ እናቴ ቤት ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ መጣ። ያመጣው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም፤ የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ እንደሆነ ኋላ ነገረኝ። ጢሱ ፊቱ ላይ ሲወጣ አንገቱን ትንሽ ዘወር አደረገ። ያቺን ዘወር ማለት አየኋት፤ እንዳላየሁም ሆኜ በላሁ።

ወገኖቼ፣ ሮሜ 14ን በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ በኋላም ራሴ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ጳውሎስ እዚያ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው እንዳይፈርድ ያዝዛል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ደግሞ አልፎ ይሄዳል፤ ሥጋ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ እስከ መቼም እንደማይበላ ይናገራል። ሁለቱንም ምዕራፎች ከነግሪኩ ላብራራላችሁ እችላለሁ። ያን ቀን ግን ከእኔ ይልቅ ምዕራፎቹን ያወቃቸው በያይነቱ የሚበላው ወንድሜ ነበር።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅነቴ መጣብኝ። እኛ ሰፈር የአንዋር አዛንና የራጉኤል ቅዳሴ እየተቀባበሉ ነው የሚነጋው። በረመዳን ዳቦ ይዤ ወደ ደጅ ስወጣ እናቴ እጄን ይዛ ትመልሰኝና፣ «ሰው ጾሟል፤ ግባና ጨርሰህ ውጣ» ትለኝ ነበር። በሁዳዴ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤታችን ሳምቡሳውን በምስር ሠርተው፣ በሌላ ዘይት ጠብሰው፣ «ምንም አልነካውም» እያሉ ለእናቴ ይልኩላታል። የሁለቱ ቤት ሥጋ አይገናኝም ነበር። ፍቅራቸው ግን በየቀኑ ይገናኝ ነበር።

እኔ ጌታን ያገኘሁት በ19 ዓመቴ ነው። በዚያው ዓመት ሁዳዴ ላይ ነጻነቴን ማሳየት አማረኝ። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ገዛሁና በእናቴ ድስት ጠብሼ፣ እሷ ፊት ተቀምጬ በላሁ። ጾሟንም፣ ቢላዋዋንም፣ ድስቷንም በአንድ ቀን። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ድስቱን ወስዳ በአመድ አሸችው፤ ከዚያም እስከ ፋሲካ ከመደርደሪያው ላይ አላነሳችውም። እኔ ያን ጊዜ ለጌታ የመሰከርኩ መስሎኝ ነበር! ለጓደኞቼም በጸሎት ስብሰባ ላይ ተርኬዋለሁ፤ «ሃሌሉያ» ተባለልኝ።

ጾም ያድናል ብዬ ዛሬም አላስተምርም። የዳንነው በክርስቶስ ሥራ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ነገር ግን እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትጎበኘን አንድም ቀን ያልመጣችው በትምህርተ ድነት ልዩነት ብቻ አይመስለኝም። ድስቱም አለበት።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ሽሮ አዘዝኩ። ልጁ ሲያቀርብልኝ ጥቂት አመነታና፣ «ጋሼ፣ እናንተ ግን መቼ ነው የምትጾሙት?» አለኝ። ለክርክር አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ማቴዎስ 6ን ልጠቅስለት፣ እኛ በስውር ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ባለፉት ወራት መቼ እንደጾምኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። አላስታወስኩም።

«እኔስ ከጾምኩ ቆይቻለሁ» አልኩት። «ትናንት ስለተናገርኩት ነገር ደግሞ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለ ደንግጦ፤ ሽሮውንም ወደ እኔ ጠጋ አደረገልኝ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 20 ዋለ። ከአምልኮ በኋላ ወደ እናቴ ሄድኩ፤ ያው አሮጌው ግቢ ናት። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር የመጣሁት። ዶሮውን ስታወጣ፣ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ያበላሸሁብሽን ድስት ታስታውሺዋለሽ? ይቅር በይኝ» አልኳት።

ጭልፋዋን ይዛ ትንሽ ቆመች። «አሁን ትዝ አለህ?» አለችኝ። ከዚያ እንቁላሉን መርጣ እኔ በኩል አኖረችልኝ። «በል ብላ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል።»