የጉንችሬው ዳይስና የእናታችን እቁብ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቁማር ነው። አትደንግጡ፣ ሂሳብም አለበት። ኑዛዜም አለበት።

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ነው። መቼም ለመስቀል ሱቁን ቆልፎ አገሩ የሚገባው የጉራጌ ልጅ ስንት እንደሆነ መርካቶ ያለ ሰው ያውቀዋል። እኛም ሁለት ወንድማማቾች ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በወልቂጤ በኩል አድርገን ጉንችሬ ስንገባ፣ ታላቅ ወንድማችን ለእናታችን የምንሰጠው 400 ብር አሲዞን ነበር። የበሬ ቅርጫ መዋጮ ነው።

ቤት ሳንደርስ ገበያው ዳር ሰው ተሰብስቦ አየን። መሀል ላይ አንድ ጎረምሳ፣ ከ1 እስከ 6 የተጻፈበት ካርቶን፣ አንድ ጣሳ፣ ሦስት ዳይስ።

«ጀለሶች፣ ቁጥር ምረጡ! ከሦስቱ ባንዱ ላይ ከወጣ 10 ብራችሁ 20 ሆና ትመለሳለች። ካልወጣ የኔ ናት።»

እኛ ደግሞ የተማርን ነና! ቆመን አሰላን። አንድ ዳይስ ስድስት ጎን አለው፣ 6 ቁጥር የመውጣት ዕድሏ ከስድስት አንድ ነው። ዳይሱ ሦስት ስለሆነ ከስድስት ሦስት፣ ማለትም ግማሽ። «እኩል ለእኩል ነው፣ ምን ችግር አለው?» ተባባልንና 6ን መረጥን። መጀመሪያ በላን። ከዚያ ተበላን። ከዚያ ደጋግመን ተበላን። በዚህን ጊዜ ነው ያቺ የተረገመች ቃል ከአፋችን የወጣችው፦ «ይሄን ያህል ጊዜ ካልወጣች አሁን መምጫዋ ደርሷል!» 10 ብሩን ወደ 20፣ 20ውን ወደ 50 አሳደግነው። ኪሳችንን ስንዳብስ 160 ብር ቀርቷል።

ለእናታችን ምን አልናት? «መንገድ ላይ ኪሳችን ገቡ» አልናት። ይኸው፣ ኑዛዜው ይህ ነው።

ሂሳቡን በደንብ የሠራነው ቆይተን ነው። ሦስት ዳይስ ሲወረወር 6 ጊዜ 6 ጊዜ 6፣ ማለትም 216 ዓይነት አወጣጥ አለ። 6 ጨርሶ የማትታይባቸውን ለማግኘት 5 ጊዜ 5 ጊዜ 5 ነው፣ 125። የቀረው 91 ብቻ! ስለዚህ የማሸነፍ ዕድላችን 50 በመቶ ሳይሆን 42 በመቶ ገደማ ነበር። 10 ብር እያስያዝን 216 ጊዜ ብንጫወት በአማካይ 91 ጊዜ በልተን 125 ጊዜ እንበላለን፤ 340 ብር ለባለ ጣሳው።

ታዲያ «ግማሽ» ያልነው ከየት መጣ? ነገሩ ወዲህ ነው። ከ91ዱ ውስጥ በ75ቱ 6 አንድ ጊዜ፣ በ15ቱ ሁለት ጊዜ፣ በአንዱ ሦስት ጊዜ ትወጣለች። ደምሩት፦ 75 ሲደመር 30 ሲደመር 3፣ 108 ነው። የ216 ግማሽ! እኛ የቆጠርነው 6 የምትታይበትን ብዛት ነው። ሰውየው ግን ሁለት ጊዜ ብትታይም የሚከፍለው እንደ አንድ ነው። ማታለል አላስፈለገውም፣ ዳይሱም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ለነገሩ ሁለቴ ስትወጣ እጥፍ፣ ሦስቴ ስትወጣ ሦስት እጥፍ ቢከፍለን እንኳ 108 ለ125 ነን።

እንዲህ ያለ ስህተት የጀመርነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ስናውቅ ትንሽ ተጽናናን። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1654፣ አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ፣ ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ስለ ዳይስ ጨዋታ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ጥያቄውን ያመጣላቸው አንድ ቁማር ወዳድ ባላባት ነው። ፕሮባቢሊቲ የሚባለው ትምህርት መሠረቱ የተጣለው በእነዚህ ደብዳቤዎች ነው ይባላል።

«መምጫዋ ደርሷል» ያልነውስ? እሱን ከየት እንዳመጣነው እናውቃለን። ከቤታችን ነው። እናታችን 20 ሴቶች በሳምንት 15 ብር የሚጥሉበት እቁብ ነበራት። መጀመሪያ ሳምንት ዕድሏ ከ20 አንድ ነው። ካልደረሳት በሚቀጥለው ከ19 አንድ፣ ከዚያ ከ18 አንድ... እያለ መጨረሻ ላይ የግዷን ይደርሳታል። የወጣለት ሰው ስም ተመልሶ አይገባማ! እቁብ ያስታውሳል። ስንቆይ ዕድላችን እየቀረበ ይመጣል። ዳይስ ግን ትዝታ የለውም። አሥር ጊዜ 6 ባትወጣም፣ አሥራ አንደኛው ላይ ያው እንደ መጀመሪያው ነው። እኛ በእቁብ ያደግን ልጆች፣ የእቁብን እውነት ይዘን ዳይስ ፊት ቆምን።

በ2010ሮቹ የውርርድ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱም ያንኑ ቃል ሰምተናል። «አሥር ጨዋታ ቀጥቅጬ፣ ዛሬ የኔ ቀን ነው!» እያንዳንዱን 60 በመቶ ታገኘዋለህ ብንል እንኳ፣ አሥሩም የሚሳኩት ከ1000 ቲኬት በ6ቱ ገደማ ነው ወዳጄ።

ወደ ጉንችሬ እንመለስ። በዚያው ሳምንት የእናታችን እቁብ ዕጣ ወጣ። ለእሷ አይደለም፣ ለአንዲት ጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ግን ልጆቹ ተዘረፉ የሚለውን ወሬ ሰምታ ኖሮ «300ውን እሷ ትውሰድ፣ የኔ ይቆያል» አለች። እናታችን እንባዋ እየወረደ መረቀቻት። እኛ ጥግ ቁጭ ብለን መሬት መሬት እናያለን።

ቅርጫው ተገዛ፣ ክትፎው ተበላ። እንዴት እንደጣፈጠን አትጠይቁን።

ለፋሲካ 120፣ 120 ብር አዋጥተን «ለበዓል» ብለን ላክንላት። ገንዘቡ ተመለሰ። እውነቱ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ከጉንችሬ ስንነሳ «ልጆቼ፣ ኪሳችሁን ጠብቁ» ትለናለች።

በሚቀጥለው መስቀል እንነግራታለን።