አስተርጓሚ ያጣው ጆይስቲክ

በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን የምናቀርበው ነገር ከፍ ያለ የፍልስፍና ወይም የአገር አስተዳደር ጉዳይ አይደለም። አራት ሆነን በአንድ ዶርም ስንኖር በአንድ ላፕቶፕ ምክንያት ልንለያይ ደርሰን ነበር፤ ያስታረቁን ሁለት ያረጁ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲኮችና አንዲት ትንሽ አዳፕተር ናቸው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ያስተማረን ትምህርት ቀላል ሆኖ ስላላገኘነው ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን።

ላፕቶፑ የአራታችንም አይደለም። እናቱ ዕቁብ ሲወጣላቸው ለአንዱ ጓደኛችን የገዙለት ነው። ቀን ቀን የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍበታል፤ ማታ ከራት በኋላ ግን እኛ እየለመንነው እግር ኳስ እንጫወትበታለን። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ሲሆን፣ አሮጌ በመሆኑ ያንን ደካማ ላፕቶፕ አያስጨንቀውም ነበር። አጨዋወታችንም ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ፣ አንዱ የኪቦርዱን ቀኝ፣ ሌላው ግራውን ይዞ ነው።

ጠቡ የተነሣው ከዚህ ነው። አንደኛው ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጭኖ ተጫዋቹን ሲያስሮጥ፣ ሌላው ጎል ፊት ደርሶ ቢመታ ኳሷ ንቅንቅ አትልም። «አውቀህ ቁልፍ እየያዝህ ነው!» «አንተ መምታት አትችልም እንጂ እኔ ምን አደረግሁ!» እየተባባልን ስንት ማታ ተኳርፈን አደርን። ኋላ ላይ እንደ ተረዳነው ግን ከሁለቱም ወገን አታላይ አልነበረም። በብዙ ርካሽ ኪቦርዶች ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም፤ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ እንደ መረብ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ቁልፎች ባንድ ጊዜ ሲያዙ የትኛው እንደ ተጫነ መለየት የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ኪቦርዱ የመጨረሻውን ቁልፍ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። እኛ ግን ይህን ሳንመረምር ጓደኛ በጓደኛው ላይ ፈረድን።

አንድ ማታ በንዴት ስንደበድበው «ስ» የምትጻፍበት ቁልፍ ተነቅላ ወለሉ ላይ ወደቀች። የላፕቶፑ ባለቤት አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ላፕቶፑን ዘግቶ ከሳጥኑ ከተተና ቆለፈበት። ሦስት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ሻይ እንኳ አልጠጣም። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ቀርቦ ሳለ ያለ «ስ» ምን ዓይነት ጽሑፍ ሊጽፍ እንደሚችል አንባብያን ይገምቱት።

በሦስተኛው ቀን ከደሴ የመጣው ጓደኛችን ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ስቦ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሁለት ጥቁር የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲኮች ነበሩ፤ የቁልፎቻቸው ምልክት ከብዙ ጣት ብዛት ደብዝዟል። ታላቅ ወንድሙ ደሴ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። እርሱም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቱን እየጠበቀ፣ ከልጆቹ የጨዋታውን ሒሳብ እየተቀበለ ነው ያደገው፤ ደብተሩም የደንብ ልብሱም የሚገዛው ከዚያው ገቢ ነበር። በኋላ ልጆቹ በስልክ መጫወት ሲጀምሩ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ቤቱ ተዘጋ፤ ማሽኖቹ ተሸጡ። የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልህ?» ብንለው፣ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጌም ቤት ልጅ ነኝ ልበላችሁ?» አለን። መልስ አልነበረንም። እንዲህ ያሉት ቤቶች የዱርዬ መዋያ ናቸው እያልን እርሱ በተቀመጠበት ስንት ጊዜ እንደ ተከራከርን ሁላችንም አስታወስን።

ጆይስቲኩ ተገኘ፤ ግን ከላፕቶፑ ጋር እንዴት ይገናኝ? የጆይስቲኩ መሰኪያ ዘጠኝ እግር አለው፤ የተለመደው ዩኤስቢ አራት። ከእኛ አንዱ «ሽቦውን ቆርጠን ቀለም ከቀለም እናያይዘው» ብሎ ምላጭ አነሣ። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚማረው ጓደኛችን ግን ከለከለው። ልዩነቱ የመሰኪያው ቅርጽ ብቻ ቢሆን ምላጭ በበቃ ነበር፤ ዋናው ልዩነት የቋንቋ ነው አለን።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ የወጣው ገና በ1996 ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2ም ያንኑ የቀድሞውን መሰኪያና አነጋገር ይዞ ቀጠለ። በዚህ አነጋገር ማሽኑ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጆይስቲኩም ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ፣ ካልተጫነ 1፣ ከተጫነ 0 ይልካል፤ በአውራ ጣት የሚዞሩት ሁለት ዘንጎች ደግሞ ያሉበትን ስፍራ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይናገራሉ፤ መኻል ላይ ሲቆሙ 128 ገደማ ነው። ዩኤስቢ ግን ሌላ ሥርዓት አለው። የተሰካው ዕቃ አስቀድሞ ማንነቱን፣ ስንት ቁልፍና ስንት ዘንግ እንዳለው ለኮምፒዩተሩ ማስታወቅ አለበት። በአዳፕተሯ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ሥራዋ ይህ ነው፤ ጆይስቲኩን በፕሌይስቴሽን ቋንቋ ትጠይቃለች፣ መልሱን በዩኤስቢ ቋንቋ ለኮምፒዩተሩ ታስረዳለች። አስተርጓሚ ናት ማለት ነው።

ገንዘብ አዋጥተን መርካቶ ወረድን፤ ሁለት ጆይስቲክ የምትቀበል አዳፕተር ገዛን። ከክፍል ጓደኛ ላፕቶፕ ተውሰን ብንሞክራት ጆይስቲኩ ይታወቃል፤ ዘንጉ ግን ፈጽሞ አይሠራም። በማግስቱ ተናደን ተመለስንና ባለ ሱቁን «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልን» ብለን ጠንከር ያለ ቃል ተናገርናቸው። ሽማግሌው ሳይቆጡ ጆይስቲኩን ተቀብለው ሰኩትና መካከል ላይ ያለችውን «አናሎግ» የምትል ትንሽ ቁልፍ ተጫኑ። ቀይ መብራት በራ፤ ዘንጉም መሥራት ጀመረ። «ልጆቼ፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ ሳትጠይቁ ነው የተቆጣችሁት» አሉን። ይቅርታ ጠይቀን ወጣን፤ ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ትምህርት አራተኛ ዓመት የደረሰ ሰው መኖሩን ግን አልነገርናቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ዘንግ አልነበረውም፤ ሁለት ዘንግ ያለውና የሚንቀጠቀጠው ዱዋልሾክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያች ቁልፍ መብራቷ ሲጠፋ ጆይስቲኩ እንደ ጥንቱ ይሆናል፤ ዘንጎቹም ዝም ይላሉ።

ከዚህም በኋላ ችግር አልጠፋም። ጎል ለመምታት ስንጫን ኳሷ ለጓደኛ ትቀበላለች። ኮምፒዩተሩ ካሬና ሦስት ማዕዘን የሚባል ምልክት አያውቅም፤ የሚያውቀው 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ቁልፍ የሚለውን ብቻ ነው። በእኛ አዳፕተር 1ኛ የሆነው ሦስት ማዕዘን ነበርና ጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ገብተን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ደለደልን። ከጓደኞቻችን አዲስ ጨዋታ ያለው ቢኖር ይህን ይወቅ፤ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የኤክስቦክስ 360 ጆይስቲክ አቀማመጥ ስለሚጠብቁ በመካከል ሌላ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አንዱ ቁልፍ አልሰማ ቢል ደግሞ ለመጣል አይቸኩል። እኛ የጆይስቲኩን ብሎኖች ፈትተን ከቁልፉ ሥር ያለውን ላስቲክና የሚነካውን ስፍራ በጥጥና በአልኮል ስንጠርገው ደኅና ሆነ። እርግጥ አስተርጓሚ ሁሉን አያደርስም፤ የፕሌይስቴሽን 2 ቁልፎች ምን ያህል ተጠብቀው እንደ ተጫኑ ጭምር ይለካሉ፣ የእኛዋ አዳፕተር ግን ተጫነ ወይም አልተጫነ ብቻ ነው የምትለው። ለእኛ በቂ ነበር።

ያን ማታ አንደኛውን ጆይስቲክ ለላፕቶፑ ባለቤት ሰጠነው። ጥቂት አገላብጦ ካየው በኋላ ሳጥኑን ከፈተ። ሁለተኛውን የደሴው ልጅ ያዘ፤ እጁን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ ሁላችንንም በየተራ አሸነፈን። «የት ተማርህ?» ሲባል ይህን ጊዜ አላፈረም። ስለ ወንድሙ ቤት፣ አንድ ጨዋታ ለሁለት ተካፍለው ስለሚከፍሉት ልጆች፣ መብራት ሲጠፋ ገንዘባችን ይመለስ እያሉ ስለሚያለቅሱት እያወራ ቤቱን በሣቅ ሞላው።

የመመረቂያ ጽሑፉ በጊዜው ተረከበ። የ«ስ» ቁልፍ በማጣበቂያ ቆማለች፤ ከዚያ ወዲህ በኪቦርዱ ኳስ የተጫወተ የለም።

ስናስበው ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ጥፋት አጥፍተናል። ኪቦርዱን ሳንመረምር ጓደኛችንን አታላይ አልን፤ ዕቃውን ሳንጠይቅ ባለ ሱቁን ወነጀልን፤ አብሮን የሚያድረውን ወንድማችንን ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቀው ዓመት ሙሉ አሳፈርነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያቃናንባት አዳፕተር ከመርካቶ ተገኘች። ለሦስተኛው የሚያስፈልገው አዳፕተር ግን አይሸጥም፤ በየዶርማችን ያለን ሁሉ አጠገባችን ያለውን ዛሬ ማታ ብንጠይቅ ይገኛል።