በማያ ሕዝብ አገር ያየነው

ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ያየውን ለዘመድና ለጎረቤት መንገሩ የቆየ ደንብ ነውና፥ እኛም ባልና ሚስት ሆነን በሜክሲኮ አገር፥ ዩካታን በሚባለው ክፍል ያየነውን በዚህ ገጽ ላይ ባጭሩ እንጽፋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው በፈረንጅ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ብዙ ወዳጆቻችን «ኢየሩሳሌምን ሳትሳለሙ ሜክሲኮ ምን አላችሁ?» ብለው ጠይቀውናል። እኛ በአዲስ አበባ የሜክሲኮን አደባባይ በየቀኑ እየተሻገርን ወደ ሥራችን የምንሄድ ሰዎች ነን። ኢጣልያ በ1936 ዓ.ም. አገራችንን በያዘች ጊዜ፥ ይህን ግፍ አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበረ። ስለዚህ ስሙ በከተማችን መካከል ይጠራል፤ በነርሱም ዋና ከተማ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አንዱ በኢትዮጵያ ስም ተሰይሟል። ሃያ ዓመት በትዳር ስንኖር ያጠራቀምናት ጥቂት ገንዘብ፥ አሜሪካ የምትኖር እኅታችን ከላከችልን ጋራ ተደምራ ለመንገዱ በቃች፤ እኛም ስሙን ያወቅነውን አገር በዓይናችን ለማየት ተነሣን።

ከሁለታችን አንዱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በልጅነቱ ከቄስ ዘንድ ዳዊት ደግሞ፥ ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈረንጅ ቋንቋ ተምሯል። ሁለተኛዪቱ ያንድ መሪጌታ ልጅ ናት። ይህን የምንናገረው ለመታወቅ ሽተን አይደለም፤ ኋላ ለምንተርከው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

መጀመሪያ ያረፍንባት ከተማ ሜሪዳ ትባላለች። እስፓንያዊው ፍራንሲስኮ ደ ሞንቴኾ፥ በአባቱ ስም የሚጠራው ልጅየው፥ በ1542 ዓ.ም. የቈረቈራት ናት። ነገር ግን ባዶ መሬት ላይ አልቈረቈራትም። በቦታው ቲሆ የምትባል የማያ ሕዝብ ከተማ ነበረች፤ የቤተ መቅደሶቿ ድንጋይ እየተነቀለ የእስፓንያውያኑ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት። ከ1561 እስከ 1598 ዓ.ም. የተሠራው ትልቁ ካቴድራል ዛሬም በአደባባዩ ፊት እንደ አምባ ቆሟል። ከርሱ አጠገብ የሞንቴኾ ቤት አለ፤ በደጃፉ ላይ መሣሪያ የያዙ ወታደሮች የሰው ራስ ረግጠው እንደ ቆሙ ሆነው ተቀርጸዋል። የቤታችን እመቤት ይህን አይታ፥ «ቤት ሠርቶ በደጁ ላይ ይህን የሚያስቀርጽ ሰው፥ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋልን?» አለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘንለትም።

ደግሞም በዚያ አገር ቃጫ እንደ ወርቅ የሚቈጠርበት ዘመን ነበረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የዓለም መርከብና እርሻ ገመድ ሲሻ፥ የዩካታን ባለርስቶች ቃጫ እያስመረቱ ባለጸጎች ሆኑ፤ በሜሪዳም በሰፊው ጐዳና ግራና ቀኝ እንደ ቤተ መንግሥት ያማረ ቤት ሠሩ። ቃጫውን የሚቈርጡት የማያ ገበሬዎች ግን በዕዳ ታስረው እንደ ባሪያ ይኖሩ ነበር።

በማግሥቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በኦቶሞቢል ተጕዘን ኡሽማል ደረስን። ይህች ከተማ ከ700 እስከ 1000 ዓ.ም. ባለው ዘመን ያበበች ናት። በአካባቢዋ ወንዝ የለም፤ ምንጭም የለም። ሰዎቹ ምድሩን እንደ ጋን ቈፍረው፥ በኖራ ለስነው፥ የዝናሙን ውሃ እያጠራቀሙ ይኖሩ ነበር። ስለዚህም የዝናም አምላክ የሚሉት ቻክ፥ አፍንጫው እንደ ቈልማማ ቀንድ የሆነ፥ በግንቡ ሁሉ ላይ ተደጋግሞ ተቀርጿል። የገዥው ቤተ መንግሥት የተባለው ግንብ ርዝመቱ 100 ሜትር ያህል ነው። ጠንቋዩ ሠራው የሚባለውም ፒራሚድ ከፍታው 35 ሜትር ይደርሳል፤ ከዕንቍላል የተፈለፈለ ድንክ ባንድ ሌሊት ሠራው እያሉ ያወሩለታል። ተረቱን ትተን ሥራውን ብንመለከት፥ ሰዎቹ የብረት መሣሪያ ሳይኖራቸው፥ ፈረስና በሬ ሳይኖራቸው ይህን ሁሉ በድንጋይ መሣሪያና በሰው ጫንቃ ብቻ መሥራታቸው ከተረቱ የበለጠ ያስደንቃል።

መንገድ መሪያችን የማያ ተወላጅ የሆነ ሽማግሌ ነበረ። የማያ ቋንቋ አልሞተም፤ ዛሬም ከ700,000 በላይ ሰዎች በዚያ አካባቢ ይነጋገሩበታል። ሽማግሌው የፀሐይንና የቀንን ስም ሲያስተምር፥ አብረውን የነበሩት ፈረንጆች «ኪን፥ ኪን» እያሉ ተቸገሩ። እመቤቲቱ ግን እንደ እኛ «ቀ» አጥብቃ «ቂን» አለች። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀና፥ ይህን ፊደል እንዲህ አድርጎ የሚያወጣ እንግዳ ከስንት አንድ ነው አለ። በማያ ቋንቋ እንደ ቀ፥ እንደ ጠ፥ እንደ ጨ ያለ ድምፅ አለና። እኛም በአገራችን ቋንቋ የዚሁ ነገር ስም «ቀን» መሆኑን ስንነግረው፥ ከዚያ ጊዜ ዠምሮ ዘመድ አደረገን። አጋጣሚ እንጂ ዝምድና እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን በሩቅ አገር አጋጣሚም ቢሆን ደስ ያሰኛል።

ከዚያ ወደ ማኒ ሄድን። ማኒ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰፊ ሜዳና በ1549 ዓ.ም. የተመሠረተ የፍራንሲስካውያን ገዳም አላት። በ1562 ዓ.ም. ሐምሌ 12 ቀን፥ ዲዬጎ ደ ላንዳ የሚባል መነኩሴ፥ ተጠምቀው ሳለ በሥውር ለጣዖት ይሰግዳሉ የተባሉትን ሰዎች በብርቱ ሥቃይ ከመረመረ በኋላ፥ ጣዖቶቻቸውንና መጻሕፍታቸውን በዚህ ቦታ ሰብስቦ አቃጠለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጻሕፍቱ ቍጥር 27 ነው። መጻሕፍቱ ከዛፍ ልጥ የተሠሩ፥ በኖራ የነጡ፥ እየታጠፉ የሚዘረጉ ነበሩ፤ የከዋክብትን አካሄድ፥ የበዓላትን ቀንና የዘመንን ቍጥር የያዙ ናቸው። በዓለም ሁሉ ከዚህ ዓይነት መጽሐፍ ዛሬ የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በድሬስደን፥ በማድሪድና በፓሪስ፥ አንዱ በሜክሲኮ ይገኛሉ። ላንዳ ራሱ፥ መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ ሕዝቡ እጅግ እንዳዘነ ጽፎ አልፏል።

ሽማግሌው ይህን ሲተርክ ከሁለታችን ባልየው አንገቱን ደፋ። አሁን ምክንያቱን እንናገራለን። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፥ መሪጌታው አማታችን ዐርፈው ስለ ነበር፥ አንድ የቆዳ ማኅደር ለልጃቸው ደረሳት። በውስጡ የመድኃኒት መጽሐፍ፥ ጥቂት ክታብና በእጃቸው የጻፉበት አንድ የብራና ጥራዝ ነበረ። ባልየው በዚያን ጊዜ ዐዲስ ትምህርት የሞላው ጐልማሳ ነበረና፥ ሁሉንም «ጥንቈላ ነው» ብሎ፥ ሚስቱ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ከምጣድ ሥር ማገደው። ስትመለስ የብራናው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እርሷም አልጮኸችም፤ አልከሰሰችም። ማኅደሩን ብቻ አንሥታ ባዶውን በሣጥኗ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር በመካከላችን አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም። በማኒ ሜዳ ላይ ግን ባልየው፥ «እኔም ይህን አድርጌአለሁ» አለ። እርሷም፥ «አውቃለሁ፤ ና እንሂድ፥ ፀሐዩ በረታ» ብላ ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ኢሳማል ወደምትባለው ከተማ ደረስን። ቤቶቿ ሁሉ ዕንቍላል አስኳል በመሰለ ብጫ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ገዳሙ የተሠራው በአንድ የማያ ቤተ መቅደስ መደብ ላይ ስለሆነ፥ ወደርሱ የሚወጣው በረጅም ደረጃ ነው። ላንዳ በዚህ ገዳም ኖሯል። በዚያው ሽማግሌው የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ነገረን። ላንዳ ስላደረገው ነገር ተከሶ ወደ እስፓንያ ሄደ፤ በዚያም ሳለ በ1566 ዓ.ም. ገደማ የማያን ሕዝብ ኑሮና ልማድ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። ፊደላቸውንም ለመጻፍ ፈልጎ፥ የማያውን ጸሐፊ በእስፓንያ ፊደል ስም እየጠራ፥ «‹ቤ›ን ጻፍልኝ» ይለው ነበር። ጸሐፊው ግን የሰማውን ድምፅ እንዳለ «ቤ» ብሎ ጻፈለት። የማያ ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል ሙሉ ድምፅን ባንድ ምልክት የሚጽፍ ነውና፤ ከዚያም ጋራ አንድን ቃል ባንድ ሥዕል የሚያመለክትበት መንገድ አለው። ጸሐፊው ሲሰለቸው «ማ ኢን ካ ቲ» ብሎ ጻፈ፤ ትርጓሜውም «አልፈልግም» ማለት ነው፤ ላንዳም ይህንኑ ለምሳሌ አድርጎ በመጽሐፉ አስገባው።

ብዙ ሊቃውንት ይህን የላንዳ ፊደል ሞክረው አልሆን ስላላቸው ስሕተት ነው ብለው ናቁት። በ1952 ዓ.ም. ግን ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል የሩስያ ሊቅ፥ የማያን አገር ገና ሳያይ በሌኒንግራድ ተቀምጦ፥ ምልክቶቹ እንደ «ሀ ሁ ሂ» ሙሉ ድምፅ መሆናቸውን አስረዳ፤ በዚያም መንገድ ድንጋዩ ሁሉ መናገር ዠመረ። አንድ የቄስ ተማሪ በዚያ ቢገኝ ኖሮ ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ባልፈጀም ነበር ብለን ተሣሣቅን። ጥቂት ቆይታ ግን እመቤቲቱ፥ «እርሱስ ካቃጠለ በኋላ የቀረውን ጽፏል» አለች። ንግግሯ ቍጣ አልነበረበትም፤ ስለዚህም ይበልጥ ከበደ።

ከዚያ ቺቼን ኢጻ ደረስን። ትልቁ ፒራሚድ በአራቱ ማዕዘን 91፥ 91 ደረጃ አለው፤ ድምሩ 364 ይሆናል፤ የላይኛው መደብ ሲጨመር የዓመቱ 365 ቀን ይሞላል። ዛሬ መውጣት ክልክል ስለሆነ ከታች ሆነን ቈጠርነው። የማያ ዓመት እያንዳንዱ 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት አሉት፤ በመጨረሻ አምስት ቀኖች ይተርፋሉ። ከአምስቱ ቀኖች በቀር አሠራሩ ከእኛ ይለያል፤ አምስቱ ቀኖች ግን የእኛው ጳጕሜን ናቸው። እነርሱ ግን ክፉ ቀኖች ይሏቸውና ከቤት ሳይወጡ በፍርሃት ያሳልፏቸው ነበር።

ይህን ስንሰማ እመቤቲቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች። «እናቴ የሞተችው በጳጕሜን ነው» አለች። «ሕፃን ነበርሁና ከአምስቱ ቀን የትኛው እንደሆነ አላስታውስም። አባቴ ግን በዚያ ብራና ላይ ጽፎት ነበር።» በዚህ ጊዜ ባልየው አንድ ነገር ትዝ አለው። ሚስቱ በየዓመቱ በጳጕሜን፥ አምስቱንም ቀን ዳቦ ጋግራ ለነዳያን ትሰጣለች። እርሱ ይህን ሁሉ ዘመን የመንፈሳዊነት ልማድ ነው ብሎ ሲያመሰግናት ኖሯል። አንዱን ቀን ስላቃጠለባት አምስቱን ቀን ማሰቧ እንደ ነበረ ያን ዕለት ዐወቀ። በፍርድ ቤት ተቀምጦ የሰውን ሁሉ የልደትና የሞት ቀን ሲጽፍ የኖረ ሰው፥ በገዛ ቤቱ የነበረውን አንድ ቀን በእጁ አጠፋ። ይቅርታ ለመናት፤ እርሷም ይቅር አለችው። ቀኑ ግን በይቅርታ የሚመለስ አይደለም።

ማታ በ1543 ዓ.ም. በተመሠረተችው በቫያዶሊድ ዐደርን። ሰዎች በአደባባዩ ወንበሮች ላይ ትይዩ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ በርበሬ የመጣው ከዚያው አገር ነውና ምግቡ ለአፋችን እንግዳ አልሆነም። እራት ከበላን በኋላ ባልየው ከሱቅ አንድ ደብተር ገዛና፥ «ከአባትሽ መጽሐፍ የምታስታውሺውን ንገሪኝ፤ እኔ ልጻፍ» አላት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ዠመረች። የትኛው ቅጠል ለሆድ፥ የትኛው ሥር ለጥርስ እንደሚሆን፤ የአያቶቿን ስም፤ የወንድሟ ክርስትና የተነሣበትን ደብር፤ ላምና በሬ ለማን እንደ ተሰጠ፤ ያስታወሰችውን ሁሉ ነገረችው። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ 11 ገጽ ሞላ። የማታውቀው ሲደርስ ባልየው መስመሩን ባዶ ተወው። የእናቷ ስም በተጻፈበትም ቦታ «ጳጕሜን» ብሎ ጽፎ የቀኑን ቍጥር ቦታ ክፍት አስቀረ። ደብተሩ አሁን በዚያ በባዶው ማኅደር ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ በዚህ ዓለም ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ ከድንጋዩም ታሪክ ይነበባል። የተቃጠለ ጽሕፈት ግን ዐመድ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ጽሑፍ፥ ባይገባችሁም እንኳ፥ ከማጥፋታችሁ በፊት የሚያነብ ሰው ጠይቁ። ሽማግሌዎቻችሁም በሕይወት ሳሉ የተወለዱበትንና ዘመዶቻቸው ያረፉበትን ቀን ጻፉ። እኛ ከሩቅ አገር ይዘን የተመለስነው ዕቃ ይህ ምክር ብቻ ነው፤ በዘንድሮው ጳጕሜንም እንደ ቀድሞው አምስቱን ቀን ዳቦ እንጋግራለን፤ የአሁኑን ግን የምንጋግረው ሁለታችን ነን።