ጥርሱን አይተኸዋል?

እስካሁን አራት ጊዜ ከሥራ ተባርሬአለሁ። አራቱንም ጊዜ ያባረሩኝ እንግሊዞች ናቸው፤ አራቱንም ጊዜ የተባረርኩት ደግሞ ሰቆጣ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ በካልሲ ቁጭ ብዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጠመኔዬን ይዤ ክፍል እገባና ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መምህራቸው ትናንት ማታ በደጋፊ ተሰድቦ፣ በቦርድ ተገምግሞ መሰናበቱን አያውቁም። እኔም ፊቴን አላስነብብም።

ነገሩ ጌም ነው። ሻምፒዮንሺፕ ማናጀር 01/02 ይባላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዕድሜው ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። እሱን የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ተለቋል፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ላፕቶፔ ከዚህ የከበደ ነገር አትሸከምም። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብራ ትሄዳለች።

በዚህ ጌም ኳስ አትመታም። ተጫዋች ትገዛለህ፣ ትሸጣለህ፣ አሰላለፍ ታወጣለህ፣ ከዚያ ጨዋታውን ታነባለህ። አዎ፣ ታነባለህ፤ ሜዳ የለ፣ ሰው የለ፣ ኳስ የለ። አንድ ባለቀለም መስመር ላይ አሻማ፣ ገጨ፣ ወጣበት የሚል ጽሑፍ ያልፋል፤ ጎል ሲሆን መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያች ብልጭታ የዘለልኩት ዝላይ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አጋጭቶኛል።

የያዝኩት ክለብ የእንግሊዝ አምስተኛ እርከን ላይ የሚንገዳገድ ነው። ስሙን አልጠራም። እውነተኛ ክለብ ነው፣ እውነተኛ ደጋፊ አለው፤ ያደረስኩበትን በደል ባይሰሙት ይሻላል። ካዝናው ባዶ ነው፤ በረኛው ኳስ ሲመጣ የሚያዝን ሰው ነው። አንድ ባልደረባዬ ይህን አይቶ፣ “አርሰናልን መያዝ ስትችል? ሰው በጌም እንኳ ድሀ ይሆናል?” አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጠበል ላይ መንፈስ ያደረበት ሰው ሲጠመቅ “የት ያዝከው?” ተብሎ ይጠየቃል፤ መንፈሱም ይለፈልፋል። እኔም በሽታዬን እንዲሁ ብጠይቀው ብዬ ተነሣሁ። የት ያዝከኝ?

መጀመሪያ የለፈለፈው በእንግሊዝኛ ነው። ኬቨን ቶምስ የሚባል ባለጺም እንግሊዛዊ በ1982 እ.ኤ.አ. ብቻውን ቁጭ ብሎ ፉትቦል ማናጀር የሚል ጌም ሠራ፤ ጺሙንም ሳይቀር ሽፋኑ ላይ አወጣው። ጌሙ ከሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች አንዱ 16 ኪሎባይት ይበቃው ነበር፤ ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ የሰርግ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ጌም የፈለግኸውን ክለብ ስም ትመርጣለህ፤ መነሻህ ግን አራተኛ ዲቪዚዮን ነው። ሰውዬው ድህነትን የጀማሪ መብት አድርጎ ነው የሰጠው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ.፣ ፖል እና ኦሊቨር ኮልየር የሚባሉ ወንድማማቾች የእኔን ጌም የመጀመሪያ እትም አወጡ። በመጀመሪያው እትም የተጫዋቾቹ ስም ሁሉ የፈጠራ ነበር፤ የእውነተኞቹ ስም የገባው በተከታዩ ነው። ኋላ ወንድማማቾቹና አሳታሚያቸው ሲለያዩ እንደ ፍቺ ንብረት ተካፈሉ። ስሙ ለአሳታሚው፣ ጌሙ ለወንድማማቾቹ ደረሰ፤ እነሱም ፉትቦል ማናጀር ብለው እንደገና ክርስትና አነሡት። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአዘርባጃኑ ባኩ ክለብ፣ ልምዱ ይኸው ጌም የሆነ የ21 ዓመት ወጣት የተጠባባቂ ቡድኑ አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ዘግቼ አልተኛም።

ይህ ግን የጌሙ የትውልድ ሐረግ እንጂ የእኔ በሽታ አይደለም። አንድ የሰቆጣ ልጅ በምስል ዘመን ተቀምጦ ኳስ ማንበብን ማን አስለመደው? መንፈሱን እንደገና ጠየቅሁት፤ አሁን በአማርኛ መለሰ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የአጎቴ ሬዲዮ ግን ነበረች፣ አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ የተቀጠለች። የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ የሰውነት ቢሻው ልጆች ሱዳን ሄደው 5 ለ 3 ተሸንፈው ተመልሰዋል፤ የዛሬው መልስ አዲስ አበባ ነው። አጎቴ ሬዲዮዋን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሽቦዋን በጣቱ ይዞ፣ ጣቱን ካነሣ ድምፁ ስለሚጠፋ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አልተነቃነቀም። አዳነ ግርማ አገባ። ሳላዲን ሰይድ ደገመ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን።

ጩኸቱ ሲበርድ አጎቴ፣ “ቆይ፤ እነሱ አምስት፣ እኛ ሦስት፤ ዛሬ ሁለት ስንጨምር አምስት ለአምስት ነው። እንዴት አሸነፍን?” አለ።

“ጋሼ፣ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጭ የገባ ጎል ይበልጣል፤ እኛ እዚያ ሦስት አግብተናል፤ እነሱ እዚህ ምንም።”

ትንሽ አሰበና፣ “ልክ ነው። ባዕድ አገር ሄዶ የተገኘ ቀለብ ይከብዳል” ብሎ ጣቱን ከሽቦው ላይ አነሣ።

ያን ጨዋታ አላየሁትም፤ አሁንም ግን ሳላዲን ወደ የትኛው ጥግ እንደመታ ልምልልህ እችላለሁ። ሜዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጋዜጠኛው ቃል አቀበለኝ፣ እኔ ሣር ዘራሁ። ታዲያ ከዓመታት በኋላ አንድ ባለቀለም መስመር አሻማ ሲለኝ ሰውየው በየትኛው እግሩ እንዳሻማ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

መንፈሱ አልጨረሰም። ከሬዲዮውም በፊት ገበጣ አለ። ፍየል ስንጠብቅ ከድንጋዩ ጥላ ሥር ጉድጓድ እንቆፍራለን። ጠጠር ከጠፋ ዛጎል የሚያመጣልን የለም፤ የፍየል በጠጥ ግን ሞልቷል፤ ደርቆ ሲጠጥር ከጠጠር ይሻላል፣ እኩል ነው፣ ይንከባለላል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከ100 የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል፤ በበጠጥ የተጫወትነውን እኛን ስንተኛ ላይ ያስቀምጠን እንደነበር እንጃ። አፍሰህ አንድ አንድ እያልክ ትዘራለህ። አንዱን ጉድጓድ አሳብጦ ሌላውን ባዶ የተወ ልጅ፣ ያበጠችውን ጉድጓድ ተበልቶ እያለቀሰ ወደ ፍየሎቹ ይሄዳል። ኋላ ያለኝን ገንዘብ ሁሉ አንድ አጥቂ ላይ አፍስሼ ተከላካይ አጥቼ ስባረር፣ ቦርዱ ያላለኝን በጠጡ ብሎኝ እንደነበር ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ አጎቴ እንመለስ፤ እሱ የበሽታው ምንጭ ብቻ ሳይሆን ምክትል አሠልጣኜም ነው።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ፍየል ነጋዴ ነው። የአበርገሌ ፍየል ሰቆጣ ገበያ ሲገባ ከሩቅ አይቶ በየትኛው ቀበሌ እንደጋጠ ይናገራል። ገንዘብ ሲቆጥር ግን አማርኛውን ትቶ ወደ ኽምጣና ይገባል፤ ቀልድ ማብቃቱን የምታውቀው ያኔ ነው። አንድ ማታ ከጎኔ ተቀምጦ፣ “እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው?” አለኝ።

“ተጫዋቾች ናቸው ጋሼ። የምገዛው አንዱን ነው።”

“ጥርሱን አይተኸዋል?”

ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። የፍየል ዕድሜ ጥርሷ ላይ ነው። የወተት ጥርስ ብቻ ከሆነ ግልገል ናት፤ ሁለት ቋሚ ጥርስ ካወጣች ዓመት አልፏታል፤ ስምንት ከሞላች ጎልማሳ ናት፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ማለቅና መውለቅ ይጀምራል። ከዚያ ወገቧን ትዳስሳለህ። ደላላው የሚለውን በመጨረሻ ትሰማለህ፤ ባትሰማውም ይሆናል።

ጌሙም እንዲሁ ነው። የተጫዋቹ ፍጥነት፣ ቅብብል፣ ጭንቅላት ከ1 እስከ 20 ተሰጥቶት ይታይሃል። ዋናው ነገር ግን ተደብቋል። ዛሬ ምን ያህል ይችላል? ነገስ ወዴት ይደርሳል? ሁለቱም ከ200 ተለክተው መዝገቡ ውስጥ አሉ፤ አንተ ግን አታያቸውም። የሚነግርህ መልማይ ነው፤ መልማይ ማለት ክራባት ያሰረ ደላላ ነው። በዚሁ በእኔ እትም ውስጥ ቶ ማዴራ የሚባል፣ ትንሽ የፖርቱጋል ክለብ ውስጥ የተቀመጠ፣ ጎል የማይታክተው አጥቂ ነበረ። የዓለም አሠልጣኝ ሁሉ ተሻምቶ ገዛው። ኋላ ሲጣራ እንዲህ ያለ አጥቂ በምድር ላይ የለም፤ ለጌሙ መረጃ ከሚሰበስቡት አንዱ የፈጠረው ነው። ይህን ስነግረው አጎቴን አልገረመውም። “ሰቆጣም ገበያ በስም ብቻ ያለ ሙክት ሸጠውልኛል” አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቡድኔን ስም ዝርዝር በእሱ ቋንቋ ከፈልነው። የ19 ዓመቱ የክንፍ ተጫዋች ወጠጤ ነው፤ ይዘላል እንጂ አይደርስም። ጎል አግቢያችን ሙክት ነው። የ35 ዓመቱ ተለዋጭ አጥቂ ደግሞ ጥርሱ ያለቀ። በውድድሩ አጋማሽ አንድ ሀብታም ክለብ ሙክቱን ጠየቀን። እኔ፣ “ያለ እሱ እንወርዳለን” አልኩ። አጎቴ ገንዘቡን በኽምጣና ቆጠረ።

“ሽጠው።”

“ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው የደመቀው።”

“የሚሸጠው ሲደምቅ ነው። እኔ በ77 ዘገየሁ።” ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። “ዝናብ ሲቀር መጀመሪያ የሚወድቀው የፍየሏ ዋጋ ነው፤ ፍየሏ ቀጥላ ነው የምትወድቀው። ሁሉም ሲሸጥ ማን ይገዛል? ከመንጋዬ የቀረችኝን በቁና ማሽላ ለወጥኩ።”

ሸጥኩት። በገንዘቡ ሦስት ርካሽ ሰው ገዝቼ እንደ በጠጥ በየጉድጓዱ ዘራሁ። ለባልደረባዬ ያጣሁትን መልስም ያን ማታ አገኘሁት መሰለኝ። አርሰናልን ከያዝክ የምትቆጥረው የለህም። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን የተማርነው ጨዋታ ያለችውን ቆጥሮ እስከ መኸር ማድረስ ነው፤ እንግሊዝ በፓውንድ መልሶ ሸጠልን እንጂ።

አንድ ነውር ግን ልናዘዝ። ስሸነፍ ጌሙን ዘግቼ፣ ሴቭ ካደረግሁበት እንደገና እከፍትና እደግመው ነበር። አጎቴ አንድ ማታ ያንኑ ጨዋታ ሁለተኛ ሳነብለት ነቃብኝ። “ይህን ትናንት ተሸንፈን የለም እንዴ?” አስረዳሁት። ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። “ገደል የገባች ፍየል ተመልሳ ከመጣች እኔ እረኛ አልባልም፤ አንተም አሠልጣኝ አትባልም” ብሎኝ ሄደ። ሦስት ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን፣ የሆነው ሁሉ እንደሆነ እንዲቀር ቃል ገባሁለት።

የመጨረሻው ጨዋታ ማክሰኞ ማታ ደረሰ። ላለመውረድ አንድ ነጥብ ያስፈልገናል፤ እስከ 80ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየተመራን ነው። አጎቴ እንግሊዝኛ ስለማያነብ መስመሩን እየተረጎምኩ በሬዲዮ ድምፅ እጮህለታለሁ። ጥርሱ ያለቀውን ሰውዬ አስገባሁት። አጎቴ ሳያስበው ጣቱን የላፕቶፕዋ ገመድ ላይ አድርጎ ጨብጦታል፤ እንደዚያን ጊዜዋ ሽቦ። 88ኛው ደቂቃ። ወጠጤው በክንፍ ሄደ፣ አሻማ፣ ሽማግሌው በጭንቅላቱ ገጨ፣ መስመሩ ብልጭ ድርግም አለ። ተቃቅፈን ጮኽን። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ተረፍን።

ሴቭ ላደርግ እጄን ስዘረጋ መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ላፕቶፕዋ የምታስታውሰው ከስድስት ጨዋታ በፊት ያለውን ነው፤ ቃል ስለገባሁ ደግሞ መድገም አልችልም፤ የሆነው ሆኗል፣ የትም ግን አልተጻፈም። እስከ ዛሬ አልከፈትኳትም።

በማግስቱ አጎቴ ጠላ ቤት ይዞኝ ገባ። ጠላው በዋንጫ ቀረበልኝ፤ በአሠልጣኝነት ዘመኔ ያነሣሁት የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። አጎቴ ወሬውን የጀመረው ከሙክቱ ሽያጭ ነው። ዋጋውን ሲናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወጠጤው እንዴት እንደሄደ፣ ኳሱ ስንት ሰው ራስ ላይ እንዳለፈ፣ ሽማግሌው እንዴት እንደዘለለ ተረከ። ላፕቶፕዋ ያልነገረችኝን ዝናብ ጨመረበት፤ የበረኛውን ጓንት ቀለም ሳይቀር ነገራቸው።

“ታዲያ የት ነው የተደረገው?” አለ አንዱ ከጥግ።

“እኛ ቤት። ትናንት ማታ።”

ከእሱ ጋር ሠላሳ ዓመት ገበያ የዋለ ሌላ ፍየል ነጋዴ ዋንጫውን አስቀመጠና ጠረጠረው። “ያን ሽማግሌ አገባ ትላለህ፤ ጥርሱን አይተኸዋል?”

አጎቴ ጠላውን ጎንጨት አለ።

“አላየሁትም። ሰምቼዋለሁ።”