ግድግዳው የሚወቅሰው ማንን ነው?

ኑ እስቲ፣ አቦሉ ሳይወርድ ጠጋ በሉ። እዚህ ግራና ላይ ቡና ሲፈላ ወሬው ከመስኖው ውኃና ከሽንኩርት ዋጋ ይነሳና ማረፊያው ያው ዓረብ አገር ነው። ልጅቷ ደወለች? ማዳሟ ስልክ ሰጠቻት?

ሰሞኑን መርሳ ደርሼ ስመለስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አየሁ። ጀልባ፣ ማዕበል፣ እጇን የዘረጋች ሴት፤ ከሥሩ «በሕገ ወጥ መንገድ አትሰደዱ» ይላል። ዝናብ ጠርዙን ልጦታል። እውነቱን ነው፤ በባሕር የሄደ ልጁን እስከ ዛሬ የሚጠብቅ ቤት በየሰፈሩ አለ። ግን ቆሜ ሳየው ከነከነኝ። ደላላው ሥዕሉ ውስጥ የለም። ፓስፖርቷን የቆለፈባት የለም፣ ደሞዟን የበላት የለም። ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ጥፋቱም የእሷ ብቻ ይመስላል።

ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን በእጃቸው የያዙት ጽሑፍ ግን ወደ አሠሪውና ወደ ሕጉ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የቤት ሠራተኞች አደባባይ ወጥተው «ከፋላ ይቅር» አሉ። ከፋላ ማለት የመኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ እጅ ነው ማለት ነው፤ ዱላ ሸሽተሽ ከቤቱ ከወጣሽ ሕገ ወጥ አንቺ ነሽ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ጨርሶ አያውቃትም። በ2020 የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። ያኔ የደረሱላቸው ራሳቸው የቤት ሠራተኞች በ2017 ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» እና መሰሎቹ ነበሩ።

አንድ የሩቅ ሥዕል ላጫውታችሁ። የካሊፎርኒያ እርሻ ሠራተኞች ልጅ የሆነችው ኤስተር ኸርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ፖስተር ሠራች። አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ የሚታወቅ የዘቢብ ካርቶን አለ፤ ቀይ ቆብ ያደረገች ቆንጆ ልጅ ወይን ታቅፋ ትስቃለች። ኸርናንዴዝ የካርቶኑን መልክ ጠብቃ ልጅቷን አጽም አደረገቻት። የወይን ለቃሚውን ሰውነትና የሚጠጣውን ውኃ የሚመርዘው የተባይ መድኃኒት እንዲህ ታየ። ሥዕሉን የምወድደው ሰው በየቀኑ ከሚያየው ዕቃ ስለተነሳ ነው።

እኛስ ከምን እንነሳ? ከቤይሩት የተመለሰች ጎረቤቴን ጠየቅኳት። ሲኒ እያጠበች ነበር። ማዕበሉን፣ ጀልባውን ስዘረዝርላት ራሷን ነቀነቀች፤ እሷ የሄደችው በአውሮፕላን፣ በኮንትራት ነው።

«በር ይሣል» አለችኝ። «በረንዳ ላይ ነበር የምተኛው። በሩን ሣለውና ቁልፉን በዚያ በኩል አድርገው።»

ከዚያ በእርጥብ ጣቷ ረከቦቱ ላይ አራት መስመር አሰመረች፤ ቁልፉንም የት እንደሆነ አሳየችኝ።