አትክልቱን ማን ያጠጣዋል?

ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መስከረምንና አደይ አበባን ነው። በቆየው የወቅት አከፋፈላችን ግን አደይ የምትፈካው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ይፋት ቆላ ላይ የጸደይ መጨረሻ ማለት የበልጉ ዝናብ ከቆመ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ ያለችው ክፍተት ናት። ሙቀቱ የሚብሰው ያኔ ነው። ሰው የሚሄደው ጥላ ለጥላ ነው። አበባ የሚታይበት ወቅት አይመስልም እኮ፤ ግን የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ቀይ ሆኖ የሚነደው በዚሁ ሰሞን ነው።

ያለፈውን ግንቦት ሸዋ ሮቢት እናቴ ቤት አሳለፍኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር ማበልጸግ ስለሆነ ላፕቶፕና የስልክ ዳታ ካለ የትም ይሠራል (መብራት ካለ ማለቴ ነው)። የሄድኩት ግን እማዬን ወደ አዲስ አበባ እንድትመጣ ለማሳመን ነበር። ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት። እህቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ኮንዶሚኒየሟ አንድ ክፍል ለቅቃላታለች። በስልክ ስንጠይቃት መልሷ ሁሌ አንድ ነው፦ "አትክልቱን ማን ያጠጣዋል?" እህቴ ሰበብ ነው ትላለች።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሸሚዙም ይከብዳል። አካባቢው በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በማሾ የታወቀ ነው። የእማዬ ጓሮ ግን ስምንት ሜትር በስድስት ብቻ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ አጥሩ ላይ የሚሳብ ዱባ፣ ሦስት ፓፓያ፣ ጎረቤት ቡና ባፈላ ቁጥር ልጅ እየላከ የሚያስቀጥፈው ጤና አዳም፣ አንድ ጽጌረዳና አንድ ቡገንቪሊያ አለው። ቧንቧው በፈረቃ ሌሊት ይመጣል። በርሜሉ ይሞላል፣ ከዚያ በጣሳ ይቆጠባል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቆስጣው እንደተቀቀለ ተኝቶ አየሁት። ጣሳ ይዤ ስነሳ "ተይው፣ ማታ ይነሳል" አለችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለካ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም በዚያ ሙቀት ቅጠሉ የሚያተነው ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኝቶ ከተገኘ ግን በእውነት ጠምቶታል ማለት ነው። ጠዋት ያላየው ሰው ቀን ላይ አይቶ ምንም ሊፈርድ አይችልም። እኛ ሥራ ቦታ ሰርቨር ሲታመም ስልኬ ይጮሃል። ቆስጣ አይጮህም።

ቲማቲሙ አበባ በአበባ ነበር፤ ፍሬ ግን የለም። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ሌሊቱም አልበርድ ሲል ብናኙ ይዳከምና አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። እማዬ ይህን የምታውቀው "ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት አይዝም" በሚል ነው።

"ታዲያ ለምን ታጠጪዋለሽ?"

"እስኪበርድ በሕይወት ይቆይ ብዬ ነዋ!"

በየጠዋቱ ቅጠሉን እየገለበጠች ታያለች። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ተባይ ትሉ ቅጠሉን ከውስጥ እየበላ ነጣ ያለ መንገድ ይተዋል። ያንን መንገድ ስታይ ቅጠሉን ቀንጥባ እሳት ውስጥ ትጥላለች። አንድ ቀን ካመለጣት ሦስት ቅጠል ይሆናል።

የዱባው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሐረጉ ጫፍ ላይ ክር አስሬ በማግስቱ ስለካው 11 ሳንቲ ሜትር አድጓል። አበባው ንጋት ላይ ይከፈትና ፀሐይ ሲበረታ ይዘጋል፤ ንብ የምትሠራው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች፤ ወንዴው ባዶ አገዳ ነው። በሙቀት ጊዜ ወንዴው ይበዛል። አሥራ አራት አበባ ቆጥሬ ሴቴዋ አንድ ነበረች። ለእሷ ስል ከስታንድአፕ ሚቲንግ አርፍጃለሁ፤ አልጸጸትም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የእማዬን ጥያቄ እንደ ቴክኒክ ጥያቄ ወስጄ መልስ ሠራሁለት። የሃይላንድ ጠርሙሶች ቂጣቸውን ቆርጬ፣ ክዳናቸውን በመርፌ በስቼ፣ ገልብጬ በየሥሩ ቀበርኩ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፤ ባለሁለት ሊትሩ አንድ ቀን ይቆያል። ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ጥሩ ነው" አለች። "ጠርሙሱን ማን ይሞላዋል?"

የጎረቤት ልጅ በትንሽ ክፍያ ሊሞላው ይችላል። ትሉን ግን ማን ያየዋል?

ከዚያ በኋላ ስለ አዲስ አበባ ማንሳት ተውኩ። አንድ ማታ ግን ውሃ ሲያጥር ለምን ከቲማቲሙ በፊት ጽጌረዳዋን እንደምታጠጣ ጠየቅኳት። አትበላ፣ አትሸጥ! በኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽታ ነበር። ስትመለስ ከቤቱ የጎደለውን ቆጥራ ለመጨረስ ቀናት ፈጅቶባታል። ከጓሮው የተረፉት ጽጌረዳዋና ቡገንቪሊያው ብቻ ነበሩ። ቡገንቪሊያው ድርቅ ይችላል። "እሷ ቆይታኛለች" አለችኝ፤ ስለ ጽጌረዳዋ። ሌላ አልጨመረችም።

ፓፓያዎቹ ታኅሣሥ ላይ በዘር የተዘሩ ናቸው። ፓፓያ ካላበበ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ሴቷ አበባዋን ግንዷ ላይ ለጥፋ ታወጣለች፤ ወንዱ ረጅም ዘንግ ላይ ያንጠለጥላል። ግንቦት ሲያልቅ ሁለቱ ለዩ፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ። ሦስተኛው ገና እንቡጥ ነበር።

ልመለስ ስል በዋዜማው ማታ እህቴ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው። እንደተለመደው "መቼ ነው የምትመጪው?" አለች። እማዬ ዝም አለች፤ ከዚያ፣

"በረንዳሽ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ከሰዓት?"

"እ?"

"ፀሐይ። ስንት ሰዓት ይቆያል?"

"አይቼ ልንገርሽ" አለች እህቴ።

እማዬ ስልኩን ሰጠችኝና ጣሳዋን ይዛ ወደ በርሜሉ ሄደች። የቧንቧው ተራ የዚያ ሌሊት ነበር።